የጁገል ውበት ከግድግዳው ጀርባ ነው

«የዓለማችን ውብ ከተሞች» የሚሉ ቪዲዮዎች በየስልካችን ይዞራሉ። የጣሊያኗ ቬኒስ ከነውኃ መንገዶቿ፣ የሞሮኮዋ ሼፍሻወን ከነሰማያዊ ግድግዳዋ፣ የኦስትሪያዋ ሃልሽታት ሐይቅና ተራራ መሀል ተሸጉጣ። ሐረርም ሆነ ድሬ ተቀምጦ ይህን የሚያይ ሰው ወዲያው የሚለው ነገር አለ። «አቦ፣ ጁገል ከዚህ በምን ያንሳል?»

በምንም አያንስም። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የጥንቱ የሐረር ከተማ፣ ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።) በ48 ሄክታር መሬት ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ማረፊያዎች አሉት። ከመስጊዶቹ ሦስቱ 10ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር እንደሆነ ትልቅ ትንሹ ያውቃል። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ዛሬም መንገደኛ ያስገባሉ። በ2023 ደግሞ የሹዋሊድ በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ግንቡም በዓሉም የዓለም ቅርስ የሆኑለት ከተማ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ጁገል ከእነዚያ ከተሞች ተርታ መቆሙ አያጠያይቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ከእነሱ የምንወስደው ትምህርት ነው። ምስላቸውን አይተን «እኛም እንዲህ እንሁን» ስንል፣ ከምስሉ ጀርባ እዚያ ነዋሪው ላይ የደረሰውን ሳናይ እንዳንቀር እሰጋለሁ። ይህ ጥያቄ ዛሬ ትኩስ ነው። የኮሪደር ልማቱ ሐረርም ድሬም ደርሷል። የጁገል መተላለፊያዎች ተነጥፈዋል፣ ግድግዳዎች ተቀብተዋል። ጎብኚ እንዲመጣ የሚወጣው ገንዘብ ጨምሯል። ገንዘቡ የት የት ይዋል የሚለው ግን ገና ያላለቀ ወሬ ነው።

አንድ ጎብኚ ሐረር ሲመጣ ምን እንደሚያይ እናስብ። በሐረር በር ይገባል። ፈረስ መጋላ ይደርሳል። ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ይወርዳል። የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ያያል፤ ራስ ተፈሪ ከሠርጋቸው በኋላ የተቀመጡበትን፣ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም የሆነውን ቤት ይጎበኛል። ሮዝና አረንጓዴ ግድግዳ ተደግፎ ፎቶ ይነሳል። ማታ ጅብ ሲበላ ያያል። ጠዋት ይሄዳል። አንድ አዳር፣ ቢበዛ ሁለት። ይህ ሰው ጁገልን አይቷል ማለት ይከብደኛል። ያየው የጁገልን ጀርባ ነው።

ምክንያቱም የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ መንገድ አይሰጥም። ከውጭ ስታየው አጥርና አንድ በር ነው። በሩን አልፈህ ግቢው ውስጥ ስትገባ ነው ቤቱ ራሱን የሚያሳይህ። ግድር ጋር የሚባለው ዋናው ክፍል ውስጥ አምስት ነደባ አለ፤ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ መደብ ነው። እያንዳንዱ ነደባ የሚቀመጥበት ሰው አለው። የቤቱ አባወራ የት እንደሚቀመጥ፣ ሽማግሌ የት፣ ልጆች የት፣ ሁሉም የታወቀ ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ቀለሙ በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ እናቶችና ልጆቻቸው የሰፉት ስፌት ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል። ግድግዳው ውስጥ የተሠሩት መደርደሪያዎች ቁርአንና ጌጥ ይይዛሉ። ዳር ላይ ሙሽሮች የሚቀመጡባት ጠባብ ክፍል አለች። ዩኔስኮም ጁገልን ሲመዘግብ ከግንቡ ባልተናነሰ ያደነቀው ይህንን የቤት ውስጥ አሠራር ነው። በሌላው የሙስሊም ዓለም ካለው የቤት አሠራር የተለየ መሆኑን ጠቅሶ ነው የመዘገበው።

ይህ ቤት ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ እንክብካቤ ይፈልጋል። ግድግዳው ሐሺ ከሚባለው የአካባቢው ድንጋይና ከጭቃ የተገነባ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። እንጨት ይረበረባል፣ ጭራሮ ይደረደራል፣ አፈር ይደለደላል። ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ካልታየ ውኃ ይገባል። ውኃ አንዴ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ያብጣል። ስለዚህ ቤቱ በየዓመቱ የሚያየው ሰው ካላገኘ ጥቂት ክረምት ነው የሚችለው። ለረመዳንና ለዒድ ቤት ማደስና መቀባት የኖረ ልማድ የሆነውም ለውበት ብቻ አይደለም። በዚያው የተሰነጠቀው ይደፈናል፣ የላላው ይጠብቃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ እንጨት ተወዷል። ጭቃውን በወጉ የሚያቦካ፣ ጣሪያውን በወጉ የሚደለድል ባለሙያ ቀንሷል። ቆርቆሮና ብሎኬት ደግሞ በየሱቁ አለ። አንዲት እናት ጣሪያዋ ሲያፈስባት ቆርቆሮ ብታለብስ አልፈርድባትም። ልጆቿ እየተዘፈቁ ቅርስ እንድትጠብቅ ማንም ሊጠይቃት አይገባም። የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ብትለስነውም ያው ነው፤ ሲሚንቶ ጠንካራ ይመስላል። ግን የጭቃ ግድግዳ የገባበትን እርጥበት መልሶ መተንፈስ አለበት። ሲሚንቶ ሲለበስ እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ግድግዳው ከውጭ አምሮ ከውስጥ ይበላል። ላዩ ላይ የሚያምር ቀለም ከተጨመረበት ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው ከረፈደ በኋላ ነው።

ዛንዚባር የሆነው ይህን ለማሰብ ያስገድደኛል። ስቶን ታውን እንደ ጁገል የሙስሊም የንግድ ከተማ ናት፤ በኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠራች፣ ጠባብ መተላለፊያ ያላት፣ በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች። የባሕር ዳርቻዋ በሆቴልና በጎብኚ የተሞላ ነው። ገንዘብ የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም በ1883 ሱልጣን በርጋሽ ያሠራው፣ «ቤት አል አጃኢብ» የሚባለው ትልቁ ቤተ መንግሥት በታኅሣሥ 2020 የፊት ክፍሉ ተደርምሶ ሰው ሞተ። ለዚያውም እድሳት ላይ ሳለ። ያ ሕንፃ በከተማዋ ፖስትካርድ ሁሉ ላይ ያለ ነበር። ሰው ሲያይ የኖረው ፊቱን ነው። ዓመታት ሙሉ የተበላው ግን ውስጡ ነው።

ቬኒስ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ነው የደረሰባት። ሕንፃዎቿ ቆመዋል፤ ሰዎቿ ናቸው የሄዱት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በታሪካዊቷ ደሴት ከ170,000 በላይ ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ ከ50,000 በታች ነው። ቤት ለቬኒስ ልጅ ከማከራየት ለቱሪስት ማከራየት ያዋጣል። ዳቦ ቤቱ የጭምብል መሸጫ ሆነ። የልጆች ትምህርት ቤት ልጅ አጣ። ከተማዋ በ2021 ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች በመሀሏ እንዳያልፉ ተከለከሉላት። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ደግሞ ሳያድር ከሚመለስ ጎብኚ በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረች፤ በ2025 ቀድሞ ላልተመዘገበ ወደ 10 ዩሮ ከፍ አደረገችው። ሰው ግን በዚህ አልቀነሰም፤ የሄዱት ነዋሪዎችም አልተመለሱም። ሃልሽታት ነዋሪዋ 800 አይሞላም፤ ጎብኚ በሚበዛበት ቀን እስከ 10,000 ሰው ይጎርፍባታል። በ2023 ነዋሪዎቹ መንገድ ዘግተው ሰልፍ ወጡ። ሐረር ከዚህ ቁጥር በጣም ሩቅ ናት፣ አውቃለሁ። ይሁንና በጁገል ስፋት ሰው ለመብዛት ብዙ አይፈጅም። 368 እንደሆኑ የሚነገርላቸው መተላለፊያዎች አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚወስደው የማሊው ጄኔ ነው። ታላቁ የጭቃ መስጊዱ በ1907 እንደገና የተሠራ ሲሆን፣ በየዓመቱ ከተማው ሁሉ ወጥቶ በአንድ ላይ ይለስነዋል። ወጣቶቹ ከባኒ ወንዝ ያመጡትን ጭቃ እየተሸከሙ ይሮጣሉ፣ ሴቶቹ ውኃ ያቀርባሉ፣ ግንበኞቹ ከግድግዳው በወጡት እንጨቶች ላይ ቆመው ይለስናሉ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ያያሉ። የግንበኞቹ ማኅበር ሙያውን ከአባት ለልጅ ያስተላልፋል። ጄኔ በአካባቢው ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት ከ2016 ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተመድባለች። ጎብኚ ከጠፋ ቆይቷል። ልስኑ ግን ለጎብኚ ተብሎ የተጀመረ ስላልነበር ጎብኚ ሲቀር አልቀረም።

ሐረር ከዚህ የሚመሳሰል ነገር የላትም ማለት አይቻልም። ዕድርና አፎቻ ያለበት ከተማ ነው። አፎቻ ለቅሶና ሠርግ ላይ ሰው የሚያሰባስብ፣ ጁገልን ለዘመናት አቅፎ የያዘ ተቋም ነው። የአፎቻ አባላት ጣሪያ ያላደሰ ጎረቤት ዘንድ አንድ ቅዳሜ ወጥተው ቢደለድሉ፣ ክልሉ እንጨትና ሐሺ ድንጋይ በቅናሽ ቢያቀርብ፣ አንድ ያረጀ ባለሙያ ለአምስት ወጣት ደመወዝ እየተከፈለው ቢያስተምር፣ ይህ ከብዙ ሜትር ቀለም ይበልጣል። ቀለም ይቅር እያልኩ አይደለም። ንጹሕ መንገድና መብራት ያለበት መተላለፊያ ለነዋሪውም ክብር ነው። ማታ ከመስጊድ የሚመለሱ አዛውንት እግራቸው የሚረግጠውን ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው። የምለው፣ ቅደም ተከተሉ ከጣሪያ ይጀምር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። የዓለም ቅርስነት የማይሻር ማዕረግ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ይሻራል። የጀርመኗ ድሬስደን ሸለቆ በ2004 ተመዝግቦ በ2009 ተሰረዘ፤ በመሀሉ ትልቅ ድልድይ ስለተሠራበት። የእንግሊዟ ሊቨርፑል ወደብ በዚያው በ2004 ተመዝግቦ በ2021 ተሰረዘ፤ አዳዲሶቹ ግንባታዎች መልኩን ስለለወጡት። ሁለቱም ከተሞች ሀብታም ናቸው፤ ሁለቱም ያደረጉትን «ልማት» ነው ያሉት። ስለዚህ ጁገል ውስጥም ሆነ ግንቡ ሥር አንድ መንገድ ሲሰፋ፣ አንድ ሕንፃ ከፍ ሲል፣ መጠየቅ ያለበት አስቀድሞ ነው። ኢትዮጵያ ዛሬ 12 የተመዘገቡ ቅርሶች አሏት። እነ ላሊበላ፣ እነ አክሱም የጸሎት ቤትና ሐውልት ናቸው። ሰው በየቤቱ አድሮ፣ ቡና አፍልቶ፣ ልጅ ድሮ የሚኖርበት ከግንብ እስከ ግንብ ሙሉ ከተማ ሆኖ የተመዘገበው ጁገል ነው። ለዚህ ነው ነዋሪው ከወጣ ከቅርሱ ብዙ የማይቀረው።

ነዋሪው ቅርስ ጠባቂ ሲሆን ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የድሮ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጣጌጦችንና የዘፈን ቅጂዎችን በራሳቸው ቤት ነው መሰብሰብ የጀመሩት። ሰው አመነባቸው፤ ከአያቱ የወረሰውን እያመጣ ሰጠ። የተበጣጠሱ ቁርአኖችን በጥንቱ የሐረር የጥረዛ ጥበብ እንደገና ጠረዙ። ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ያለ እሱ የሐረር ጉብኝት የማይሟላ ቦታ ነው። የተጀመረው በአንድ ሰው ሳሎን ነው።

በጁገል ውስጥ ቤታቸውን ለእንግዳ የከፈቱ ቤተሰቦችም አሉ። ለእኔ የሐረር ቱሪዝም የወደፊት መንገድ እሱ ነው። እንግዳው ነደባ ላይ ተቀምጦ ሆጃ ይጠጣል፣ ጠዋት በአዛን ይነቃል፣ የቤቱ እናት የምትሰፋውን ስፌት ጥለት ያያል። የሚከፍለው ገንዘብ የዚያኑ ቤት ጣሪያ ያድሳል። ታዲያ እዚህ ላይ ቬኒስን ማስታወስ ያስፈልጋል። ባለቤቱ እዚያው የሚኖርበት የእንግዳ ቤትና አንድ ባለገንዘብ ከውጭ መጥቶ አራት አምስት ቤት ገዝቶ የሚያከራየው ቤት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሰፈር ባዶ ያደርጋል። ይህን በደንብ መለየት የሚቻለው ገና ጥቂት ሳሉ፣ አሁን ነው። ነዋሪው የማይኖርበት ቤት ለቱሪስት አይከራይ የሚል ደንብ ዛሬ ማውጣት ማንንም አይጎዳም። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጠብ ያመጣል።

እንግዳው አንድ ቀን እንዲጨምር ከተፈለገ ደግሞ አካባቢውን ማየት ነው። እዚህ ላይ ድሬ የሚገባትን ቦታ አላገኘችም ብዬ አምናለሁ። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ ድሬ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፍ ጎብኚ፣ ሚኒባስ ይዞ ደንገጎን ወጥቶ ቀጥታ ሐረር ይገባል። ድሬ ለእሱ ሙቀትና ማለፊያ ናት። ግን የምድር ባቡሩ በ1902 ከጅቡቲ ደርሶ የወለዳት ይህች ከተማ በኢትዮጵያ ውስጥ አምሳያ የላትም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው የድሮ ቤቶች፣ ለገሃር ጣቢያው ከነአሮጌ ባቡሮቹና ከነጋራዡ አሉ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ሰፈር ስትገባ ሌላ ከተማ ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ ቅመሙና ጨርቁ ዓይን ይስባል። ማታ ሲበርድ ድሬ ሁሉ ደጅ ነው የሚቀመጠው። የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ አሮጌው ለገሃር ጸጥ ብሏል። እሱን የባቡር ሙዚየም አድርጎ በደንብ መክፈት፣ በሕይወት ያሉት ፈረንሳይኛ የሚችሉት የምድር ባቡር ጡረተኞች ታሪኩን እንዲናገሩበት ማድረግ፣ ለምን እንደሚዘገይ አይገባኝም። እነዚያ አባቶች በየዓመቱ እያነሱ ነው። የከዚራ የድሮ ቤቶችም እየፈረሱ ፎቅ ሲበቅልባቸው ዝም ብለን እያየን ነው። ከዚራን ከዚራ ያደረገው ዛፉና ዝቅ ያለው ቤት ነው።

በድሬ ዙሪያ ደግሞ የጥንት ሰው የተጠለለባቸው ዋሻዎች አሉ፤ ለገ ኦዳ በድንጋይ ላይ ሥዕሎቹ የታወቀ ነው። ከሐረር ወደ ጅጅጋ ሲኬድ ባቢሌን አልፎ የዳካታ ሸለቆ አለ። ግዙፍ ድንጋይ በቀጭን ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆሞ ታያለህ። ነፋስና ዝናብ ደካማውን እየሸረሸሩ ጠንካራውን አስቀርተው የሠሩት ነው። ሰው ይህን መሰል ነገር ለማየት አሜሪካ ድረስ ይሄዳል። ባቢሌ የዝሆን መጠለያም አለው፤ ዝሆኖቹ ግን በሰፈራና በአደን ተጨናንቀዋል፤ እነሱን ለማስጎብኘት ከመሮጥ በፊት መትረፋቸው ይቀድማል። ጉርሱም አካባቢ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነው የቁንዱዶ ተራራ ላይ የዱር ፈረሶች ይኖራሉ።

በመንገዱ ላይ ያለው ሐረማያ ሐይቅ ግን ከሁሉም በላይ ይናገራል። የሐረር ሰው የሚጠጣው ከእሱ ነበር። ለመስኖ ያለ ልክ ተሳበ፣ ከተራራው አፈር እየታጠበ ገባበት፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከብት በወለሉ ላይ ይሄድ ጀመር። ሐረር ውኃዋን ከሩቅ፣ ከድሬ በኩል በቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነባት። በቅርብ ዓመታት ዙሪያውን እርከን ተሠርቶ፣ ዛፍ ተተክሎ፣ የውኃ አሳሳቡ ላይ ቁጥጥር ተደርጎ ሐይቁ ተመልሷል። በዚያ መንገድ ከደንገጎ ወጥቶ ውኃውን በድጋሚ ያየ ሰው ደስታውን ያውቀዋል። የተመለሰው ዳርቻው ስለተዋበ አይደለም። ውኃው የሚመጣበት ተራራ ስለተሠራ ነው። ጁገልም የሚፈልገው ይህን ዓይነት ሥራ ነው።

ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በየዓመቱ ስንት ጎብኚ ሐረር እንደገባ ይነገረናል። ይነገር፣ ጥሩ ነው። አብሮት ግን ሌላም ቁጥር በየቀበሌው ተመዝግቦ ይነገረን። በዚያ ዓመት ስንት የጁገል ቤት ጣሪያው በአፈርና በእንጨት ታደሰ፣ ስንቱ በቆርቆሮ ተተካ፣ ስንት ቤተሰብ ከግንቡ ወጥቶ ሄደ፣ ስንቱስ ተመለሰ። ከጎብኚ ከሚሰበሰበው ገንዘብም ምን ያህሉ ለእነዚያ ጣሪያዎች እንደዋለ ፈረስ መጋላ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ።